ሞራና ወረቀት፦ የኤንፊልድ ጠመንጃ ጥይት አሠራርና የ1857ቱ የህንድ ፈተና

በ1857 በሰሜን ህንድ የተቀጣጠለው ታላቅ ዓመፅ በመማሪያ መጻሕፍት በተወሳ ቁጥር፣ በላም ሞራና በአሳማ ስብ ስለ ተቀባ ጥይት የሚነገረው ታሪክ አብሮ ይነሣል። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ከሁለት መንገዶች በአንዱ ነው። የመጀመሪያው፣ ወታደሮቹ በባዶ ወሬ የተወናበዱ አላዋቂዎች እንደ ነበሩ ይተርካል። ሁለተኛው፣ እንግሊዞች ሙስሊሙንና ሂንዱውን ከሃይማኖቱ ለማስወጣት ሆን ብለው ሞራውን እንደ ቀቡት ይናገራል። ሁለቱም አቀራረቦች ማስረጃውን በሙሉ አያዩም። ይህ ጽሑፍ ጥይቱ በእጅ እንዴት ይሠራ እንደ ነበር፣ ስለ ሞራው ማን ምን ያውቅ እንደ ነበርና ወታደሮቹ ራሳቸው ያቀረቡት መፍትሔ ምን እንደ ሆነ በቅደም ተከተል ይመረምራል። ከዚያም ጉዳዩን በፊቅህ ሚዛን አስቀምጦ፣ ዛሬ በመስጂድና በመድረሳ ኃላፊነት ላይ ላለን ሰዎች የሚተወውን ትምህርት ያመለክታል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጠመንጃው ሞራ የፈለገበት ምክንያት

የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በህንድ ያቆመው ሠራዊት አብዛኛው ክፍል «ሲፓሂ» የሚባሉ የአገሬው ወታደሮች ነበሩ። በቤንጋል ሠራዊት ውስጥ ከፍተኛ የሂንዱ ወገን የሆኑ ብራህሚኖችና ራጅፑቶች ይበዙ ነበር፤ በፈረሰኛው ጦር ደግሞ የሙስሊሞች ቁጥር ከፍ ያለ ነበር። እነዚህ ወታደሮች ለብዙ ዘመን የያዙት ውስጡ ልሙጥ የሆነ፣ በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። አረሩ ከአፈሙዙ ስፋት አነስ ስለሚል ያለ ብዙ ግፊት ወደ ታች ይወርዳል። በዚህም የተነሣ ቅባት አያስፈልገውም ነበር። ነገር ግን ከመቶ ሜትር ገደማ ባለፈ ርቀት ዒላማውን መምታት የዕድል ጉዳይ ይሆናል።

በ1853 የወጣው የኤንፊልድ ጠመንጃ ይህን ለወጠው። የአፈሙዙ ስፋት 14.66 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በውስጡ ሦስት ጠመዝማዛ ቦዮች ተቀርጸውበታል። አረሩ በቦዮቹ ውስጥ እየተሽከረከረ ስለሚወጣ ሩቅ ይደርሳል፣ አቅጣጫውንም ይጠብቃል። የአረሩ መቀመጫ ጎድጎድ ያለ በመሆኑ ባሩዱ ሲፈነዳ ወደ ጎን ተለጥጦ ቦዮቹን ይሞላል። ይህ እንዲሆን ግን አረሩ ከአፈሙዙ ጋር ተቀራራቢ ስፋት ሊኖረው ይገባል። ጥቁር ባሩድ በተተኮሰ ቁጥር ጠንካራ ጥቀርሻ ትቶ ስለሚሄድ፣ ከጥቂት ተኩስ በኋላ አዲሱን አረር ወደ ታች መግፋት ያስቸግራል። ቅባቱ የሚያስፈልገው ጥቀርሻውን ለማለስለስና አረሩን ለማንሸራተት ነበር። ስለዚህ የሞራው መኖር ከጠመንጃው አሠራር የመነጨ እንጂ ሃይማኖትን ለመጉዳት የታሰበ ተንኮል አልነበረም። ችግሩ የተፈጠረው ቅባቱ ከምን እንደሚሠራ በተወሰነበት ቦታ ላይ ነው።

ጥይቱ በእጅ እንዴት ይሠራ ነበር

በዚያ ዘመን ጥይት ማለት እንደ ዛሬው የብረት ቀለህ ያለው አልነበረም። ባሩዱና አረሩ በአንድነት የሚጠቀለሉት በወረቀት ነበር። ሠራተኛው በልክ የተቆረጠ ወረቀት በቀጭን እንጨት ላይ ጠቅልሎ ትንሽ ቀፎ ያበጃል። በቀፎው አንድ ጫፍ ላይ 34 ግራም ገደማ የሚመዝነውን አረር ያስገባና ወረቀቱን አጥብቆ ያስረዋል፤ ከዚያም በሌላው ወገን የተመጠነ ባሩድ ጨምሮ ጫፉን ይጠመዝዘዋል። በመጨረሻም አረሩ ያለበትን ጫፍ በቀለጠ ሞራና ሰም ውስጥ ነክሮ ያወጣዋል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው በእጅ ነበር። በእንግሊዝ አገር በዉሊች በነበረው የመንግሥት ማምረቻ ይህን ሥራ ከሚሠሩት መካከል ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። በህንድ ደግሞ ሥራው በካልካታ በሚገኘው የፎርት ዊልያም ምሽግ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ይከናወን ነበር።

ወታደሩ ጥይቱን ሲጠቀምበት የተጠማዘዘውን የወረቀት ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ይቀድዳል፣ ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈስሳል፣ ጥይቱን ገልብጦ የተቀባውን ጫፍ ወደ አፈሙዙ ያስገባል፣ ትርፉን ወረቀት ቀድዶ ይጥላል፣ ከዚያም በዘንግ ገፍቶ ያወርደዋል። በቋንቋችን ጠመንጃን በጥይት መሙላት «ማጉረስ» ይባላል። በዚያ ዘመን ግን ጥይቱ ወደ ጠመንጃው አፍ ከመግባቱ በፊት በወታደሩ አፍ በኩል ያልፍ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ልብ ሊባል ይገባል። የሚነከሰው ጫፍ ባሩድ ያለበት እንጂ የተቀባው ጫፍ አልነበረም። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ጸሐፊዎች ወታደሮቹ ያለ ምክንያት እንደ ፈሩ ይናገራሉ። ይሁን እንጂ በህንድ ሙቀት ሞራ እንደሚቀልጥና ወረቀቱን እያራሰ እንደሚዛመት ግልጽ ነው። ወታደሩ የተቀባውን ጫፍ በጣቱ ይይዛል፤ ያንኑ ጣት ወደ አፉ ያቀርባል፤ ጥይቶቹም በአንድ ቦርሳ ውስጥ ተደራርበው ይውላሉ። ስለ ጠሃራ የተማረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እርጥብ ነጃሳ የነካው ነገር እንዴት እንደሚበከል የሚያስጨንቀው ሰው ምክንያት የለሽ አይባልም።

ችላ የተባለው ማስጠንቀቂያ

የኩባንያው ባለ ሥልጣናት ጉዳዩ ስሱ መሆኑን አስቀድመው አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። የተቀቡት ጥይቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ህንድ የመጡት በ1853 ሲሆን፣ ዓላማውም የአገሩ ሙቀት በቅባቱ ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ ለመፈተሽ ነበር። ለዚህም ሲባል ጥይቶቹ በጥበቃ ላይ ለሚሰማሩ የአገሬው ወታደሮች በቦርሳቸው እንዲይዟቸው ተሰጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮሎኔል ታከር የተባለው የቤንጋል ሠራዊት ከፍተኛ የአስተዳደር መኮንን በጽሑፍ አስጠነቀቀ። ቅባቱ የወታደሮቹን ሃይማኖታዊ ስሜት የማይነካ መሆኑ እስካልታወቀ ድረስ ጥይቱ ለአውሮፓውያን ወታደሮች ብቻ እንጂ ለአገሬው ወታደሮች እንዳይታደል አሳሰበ።

ደብዳቤው ለሚመለከተው ቦርድ ቢደርስም ተግባራዊ እርምጃ አላስከተለም። ሙከራው ቀጠለ፤ ፈታኞቹ ስለ ቅባቱ ባሕርይ ሪፖርት አቀረቡ፤ ሃይማኖታዊው ጥያቄ ግን ከመዝገብ ውስጥ አልወጣም። በ1856 በፎርት ዊልያም ጥይቱ በገፍ መሠራት ሲጀምር፣ ሞራው ከየትኛው እንስሳ መሆን እንዳለበት የሚወስን መመሪያ አልነበረም። ሞራው የሚገዛው ከአቅራቢ ነጋዴ ነበር። ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የተጠየቀው የጦር መሣሪያ ክፍል ኃላፊ ራሱ፣ ተቃውሞ ሊያስነሣ የሚችል ስብ እንዳይገባ የተለየ ጥንቃቄ መደረጉን ማረጋገጥ አልቻለም። የላም ሞራ ሳይገባበት እንዳልቀረ አብዛኞቹ የታሪክ ተመራማሪዎች ይስማማሉ፤ የአሳማ ስብ ስለ መግባቱ ግን የተረጋገጠ ነገር የለም። በሌላ አነጋገር፣ ተንኮል ስለ መኖሩ ማስረጃ የለም፤ ቸልተኝነቱ ግን በራሳቸው መዝገብ ተጽፎ ይገኛል።

ወታደሮቹ ያቀረቡት መፍትሔ

በጃንዋሪ 1857 በካልካታ አቅራቢያ በምትገኘው በደምደም የአዲሱ ጠመንጃ ሥልጠና እየተሰጠ ነበር። ለሥልጠናው ከተመረጡት ሦስት ጣቢያዎች አንዱ ደምደም ሲሆን፣ ሌሎቹ አምባላና ሲያልኮት ነበሩ። በግምጃ ቤቱ የሚሠራ ከዝቅተኛ ወገን የሆነ አንድ ሠራተኛ ከአንድ ብራህሚን ወታደር ዕቃ ውኃ ለመጠጣት ጠየቀ። ወታደሩ ወገኑ እንዳይረክስ በመስጋት ከለከለው። ሠራተኛውም በቅርቡ የላምና የአሳማ ስብ የተቀባ ጥይት ስትነክሱ የወገናችሁ ክብር የት እንደሚደርስ እናያለን የሚል መልስ ሰጠው። ነገሩን የሰማው ሻምበል ራይት በጃንዋሪ 22 ለበላዮቹ አመለከተ።

በማግስቱ የጣቢያው አዛዥ ሻለቃ ቦንቴን ወታደሮቹን አሰልፎ ቅሬታ ያለው ሰው እንዲናገር ጠየቀ። ከሰልፉ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው፣ የአገሬው ተወላጅ የሆኑትን መኮንኖች በሙሉ ጨምሮ፣ ወደ ፊት ወጣ። በአክብሮት ሲናገሩም የቅባቱ ዓይነት ከሃይማኖታቸው ጋር እንደሚጋጭ ገለጹ። በቅሬታ ብቻ ሳይወሰኑም በሞራው ምትክ ሰምና ዘይት እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። ይህ ሁኔታ ከሚገባው በላይ ተዘንግቷል። በዓመፅ ሊነሡ የተዘጋጁ ሰዎች ስለ ሰምና ዘይት መጠን አይመክሩም። እነዚህ ወታደሮች አገልግሎታቸውንም ሃይማኖታቸውንም ጠብቀው ለመቆየት የሚያስችላቸውን መንገድ በመጀመሪያው ቀን አሳይተው ነበር።

የባራክፖር አዛዥ ጄኔራል ኸርሲ ሐሳቡን ደግፎ ወደ መንግሥት አስተላለፈ። በጃንዋሪ 27 ከካልካታ የመጣው መልስ ጥይቶቹ ሳይቀቡ እንዲታደሉና ወታደሮቹ የሚፈልጉትን ቅባት ራሳቸው እንዲቀቡ ፈቀደ። ከሠራዊቱ ዋና አዛዥ ጽሕፈት ቤት በኩል ደግሞ፣ ቀደም ሲል ጠመንጃ የነበራቸው የአገሬው ወታደሮች በበግ ስብና በሰም የተቀባ ጥይት ለዓመታት ሲጠቀሙ መቆየታቸውን የሚገልጽ መልእክት ደረሰ። ከዚህ እንደምንረዳው ማንንም የማያስቀይም ቅባት ማዘጋጀት የታወቀና የተለመደ ነገር ነበር። በ1853 ወይም በ1856 ይህን የሚያዝ አንድ መስመር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በዚያው ያበቃ ነበር።

ከሞራው ወደ ወረቀቱ

ፈቃዱ ተገቢ ነበር፤ የመጣው ግን ወሬው ከተሰራጨ በኋላ ነው። ወታደሮቹ እንዲህ ብለው አሰቡ፦ ሞራው ንጹሕ ከነበረ ለምን ተወገደ? ንጹሕ ካልነበረ ደግሞ እስካሁን ለምን ተደበቀን? መንግሥት እርማት ያደረገው የሆነውን በግልጽ ሳይናገር በመሆኑ፣ እርማቱ ራሱ እንደ ጥፋተኛነት ምስክር ተቆጠረ።

ከዚያ በኋላ ጥርጣሬው ከቅባቱ ወደ ወረቀቱ ተሻገረ። አዲሱ ወረቀት የሚያብረቀርቅ ነበር። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ በባራክፖር በተቋቋመ መርማሪ ጉባኤ ፊት የቀረቡ ወታደሮች ወረቀቱ ስብ ያለበት እንደሚመስላቸው፣ በእሳት ሲቃጠልም እንደ ስብ እንደሚንጨረጨርና እንደሚሸት መሰከሩ። ወረቀቱ በባለሙያ ተመርምሮ ስብ አልተገኘበትም። ውጤቱን ግን ማን ይመነው? ኸርሲ በወታደሮቹ ቋንቋ እየተናገረ ማንም በግዴታ ክርስቲያን እንደማይደረግ አስረዳቸው። እነርሱም ሰውየውን ቢያከብሩትም የላከውን መንግሥት አላመኑም።

ለዚህ አለማመን ከጥይቱ የሰፉ ምክንያቶች ነበሩ። ኩባንያው በ1856 የአወድን መንግሥት ጠቅልሎ ይዟል፤ ብዙዎቹ ሲፓሂዎች የተመለመሉት ደግሞ ከዚሁ አገር ነበር። በዚያው ዓመት የወጣ ደንብ አዲስ ምልምሎች ባሕር ተሻግረው ለማገልገል እንዲስማሙ አስገደደ። አንዳንድ መኮንኖችም በወታደሮቻቸው መካከል ክርስትናን በግልጽ ይሰብኩ ነበር። የሞራው ወሬ ያረፈው በእነዚህ ቁስሎች ላይ ነው።

በፌብሩዋሪ 26 በበርሃምፖር የሰፈረው 19ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ጥይት አልቀበልም አለ። የሚያሳዝነው፣ የቀረበለት ጥይት ያልተቀባና ለቀድሞው ጠመንጃ የተሠራ ነበር። አዛዡ ረጋ ብሎ በማስረዳት ፋንታ በዛቻ ተናገራቸው። ክፍለ ጦሩ በማርች 31 ትጥቁን ፈትቶ ተበተነ። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በባራክፖር ማንጋል ፓንዴ የተባለ የሂንዱ ወታደር በመኮንኖቹ ላይ ተኩሶ ነበር፤ በኤፕሪል 8 ተሰቀለ።

ሚሩት

በዚህ መካከል ወረቀቱ በጥርስ መነከሱ ቀርቶ በእጅ እንዲቀደድ ተፈቀደ። በሚሩት ከተማ የሦስተኛው ቀላል ፈረሰኛ ጦር አዛዥ ይህን አዲስ ልምምድ ለማሳየት በኤፕሪል 24 ዘጠና ምርጥ ወታደሮችን አሰለፈ። ከዘጠናው ሰማንያ አምስቱ ጥይቱን ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆኑም። በመካከላቸው ሙስሊሞችም ሂንዱዎችም ነበሩ። የቀረበላቸው ጥይት ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙበት የኖሩት፣ ሞራ ያልነካው ዓይነት ነበር። እንዲነክሱትም አልተጠየቁም። ሆኖም ከተቀበልን ስማችን ይጠፋል፣ ጓደኞቻችንና ዘመዶቻችን ያርቁናል ብለው ሰጉ። በዚህ ጊዜ ክርክሩ ስለ ሞራ መሆኑ አብቅቶ፣ የሰጪው ቃል ይታመናል ወይስ አይታመንም የሚል ሆኖ ነበር።

በጦር ፍርድ ቤት ሰማንያ አምስቱም የአሥር ዓመት እስራት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደባቸው። በዕድሜ ያነሱት ዐሥራ አንዱ ብቻ ቅጣታቸው በግማሽ ቀነሰላቸው። በሜይ 9 ጦሩ ሁሉ በተሰለፈበት ልብሰ ወታደራቸው ተገፍፎ በእግር ብረት ታሰሩ። ብዙ ዓመት ያገለገሉ ሰዎች በጓደኞቻቸው ፊት እንዲህ መዋረዳቸው የመጨረሻውን ክር በጠሰው። በማግስቱ፣ እሑድ ሜይ 10፣ የሚሩት ጦር ተነሣ፤ በሜይ 11 ዴልሂ ደርሶ ሽማግሌውን የሙጋል ንጉሥ ባሃዱር ሻህን መሪያችን ሁን አለው። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ወገን የፈሰሰው ደም፣ የሴቶችና የሕፃናት ሳይቀር፣ ማንም በኩራት የሚያነሣው አይደለም።

ጉዳዩ በፊቅህ ሚዛን

የሙስሊሙ ወታደር ሥጋት በሸሪዓ መሠረት ነበረው? የአሳማ ሥጋ ሐራም መሆኑ በሱረቱል በቀራህ 173፣ በሱረቱል ማኢዳህ 3ና በሌሎች አንቀጾች የተደነገገ ነው። አብዛኞቹ ፉቀሃእ የአሳማ አካል ሁሉ ነጃሳ መሆኑን ይናገራሉ፤ ህንድ ውስጥ ሰፊ ተከታይ ያለው የሐነፊይ መዝሀብም አሳማን በተፈጥሮው ነጃሳ ከሆኑት ይመድባል። የላም ሞራ ጥያቄ ግን ለሙስሊሙ የተለየ ነው። ላም ሐላል ነች፤ ጥያቄው ስለ አስተራረዷ ብቻ ነው። በዚህም ረገድ ስለ መጽሐፉ ሰዎች እርድ በሱረቱል ማኢዳህ 5 የተሰጠው ፈቃድና ዑለማእ በእርሱ ላይ ያስቀመጡት ዝርዝር ይታያል። ለሂንዱው ግን የላም ሞራ ከሁሉ የከፋ ነበር። አንድ ወሬ ሁለቱን ሕዝቦች በአንድ ጊዜ የነካው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞራን ለቅባትነት ስለ መጠቀም በቀጥታ የሚመለከት ሐዲስም አለ። ጃቢር ኢብን ዐብደላህ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በመካ መከፈት ዓመት የአስካሪ መጠጥ፣ የበክት፣ የአሳማና የጣዖታት ሽያጭ መከልከሉን በገለጹ ጊዜ፣ ሰዎች ስለ በክት ሞራ ጠየቋቸው። ሞራው ጀልባ ይቀባበት፣ ቆዳ ይለሰልስበት፣ መብራትም ይበራበት ነበር። እርሳቸውም ክልክል መሆኑን መለሱ። ዑለማእ ክልከላው የሚመለሰው ወደ ሽያጩ ነው ወይስ ወደ መጠቀሙም ጭምር በሚለው ተለያይተዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ የታወቀው አቋም ክልከላው ለሽያጩ እንደሆነ፣ ለመብልና ለሰው አካል ካልሆነ በቀር በበክት ሞራ መጠቀም እንደሚቻል ነው፤ ብዙኃኑ መጠቀሙንም ይከለክላሉ። ልብ ልንለው የሚገባው፣ ከሁለቱ አቋሞች በየትኛውም ቢኬድ፣ ነጃሳ ስብን ወደ አፍ የሚያስጠጋ ሥራ ያለ ደሩራ አለመፈቀዱ ነው። የሰላም ጊዜ ልምምድ ደግሞ ደሩራ አይደለም፤ በተለይ ሰምና ዘይት በገበያው ሞልተው ሳለ።

እንግዲህ ሑክሙ ግልጽ ነበር፤ ያልታወቀው ዋቂዑ፣ ማለትም ሞራው በእርግጥ ከምን እንደ ሆነ፣ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ሸሪዓው ሁለት ግዴታዎችን ያስቀምጣል። የመጀመሪያው በሰሚው ላይ ነው። ሱረቱል ሑጁራት 49፡6 ያላረጋገጡትን ወሬ ይዘው በሰዎች ላይ ጉዳት ከማድረስና በኋላም ከመጸጸት ያስጠነቅቃል። ሁለተኛው በሰጪው ላይ ነው። ሌሎች የሚበሉትን ወይም የሚነኩትን ነገር የሚያዘጋጅ ሰው አማና ተሸክሟል፤ ያለውን እንከን የመግለጽ ግዴታም አለበት። በደምደም የቆሙት ወታደሮች የመጀመሪያውን ግዴታ በሚገባ ተወጥተው ነበር፤ ጠየቁ፣ አማራጭም አቀረቡ። በሚሩት የቆሙት ግን የማረጋገጫው መንገድ ከፊታቸው ሳለ ሰማንያ አምስቱ አልተጠቀሙበትም። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት የሦስት ወር ዕድሜ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተሟጠጠው በሰጪው ላይ የነበረው እምነት ነው።

ከዓመፁ በኋላ

በዴልሂ ዓመፅ ላይ የነበረው አስተዳደር ከጥይቱ ታሪክ አንድ ነገር ተምሮ ነበር። ዒደል አድሓ በኦገስት 1 ቀን 1857 በዋለ ጊዜ፣ ባሃዱር ሻህ በከተማዋ ውስጥ ላም እንዳይታረድ ከለከለ። ሙስሊሙ ለኡድሒያ በግና ፍየል ማረድ ይችላል፤ ለላም ክብር ከሚሰጠው የሂንዱ ጎረቤቱ ጋር መጣላትም አያስፈልገውም። ኩባንያው ከሁሉ ያጣው ይህን ዓይነቱን ማስተዋል ነበር።

ዓመፁ ግን ከሸፈ። ዴልሂ በሴፕቴምበር 1857 በእንግሊዞች እጅ ተመለሰች። የከተማዋ ሙስሊሞች ተባረሩ፤ ታላቁ ጃሚዕ መስጂድ ተዘግቶ እስከ 1862 ለሰጋጆች አልተመለሰም። ባሃዱር ሻህ ወደ ራንጉን ተግዞ በኖቬምበር 7 ቀን 1862 አረፈ። የምሥራቅ ህንድ ኩባንያም በ1858 በወጣ ሕግ ከገዢነቱ ተሽሮ ህንድ በቀጥታ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ገባች።

በዚህ ፍርስራሽ መካከል ሆኖ ምክንያቱን ከመረመሩት ሙስሊሞች አንዱ ሰይድ አሕመድ ኻን ነበሩ። የኋላው የአሊጋር ኮሌጅ መሥራች በዓመፁ ጊዜ የኩባንያው ዳኛ ሆነው ያገለግሉ ስለ ነበር ዓመፁን አልደገፉም። ሆኖም ስለ ህንድ ዓመፅ ምክንያቶች በኡርዱ በጻፉት ድርሰት፣ ጥይቱ ብቻውን ምክንያት እንዳልሆነ አስረዱ። ዋናው ምክንያት የአገሩ ሰዎች ሕግ በሚወጣበት ምክር ቤት አለመኖራቸው ነው፤ በዚህም የተነሣ መንግሥት የሕዝቡን ልብ አያውቅም፣ ሕዝቡም የመንግሥትን ዓላማ አይረዳም ሲሉ ደመደሙ። የሹራን ዋጋ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በፎርት ዊልያም ሞራ ከመገዛቱ በፊት አንድ ሙስሊምና አንድ ሂንዱ መኮንን ተጠርተው ቢጠየቁ ኖሮ፣ በደምደም የቀረበው መልስ ዓመት ቀድሞ በተገኘ ነበር።

የጠመንጃው ዕጣም ከአገራችን ታሪክ ጋር ይገናኛል። ከ1866 ጀምሮ እንግሊዞች የኤንፊልድን ጠመንጃ ከኋላ እንዲጎርስ አድርገው ለወጡት፤ ጥይቱም በብረት መቀመጫ የተሠራ ሆነ፣ ወረቀት መቅደድም ቀረ። የለውጡ ባለቤት ስናይደር ይባል ስለ ነበር አባቶቻችን ጠመንጃውን «ሰናድር» ብለው ጠሩት። በኤፕሪል 1868 ከመቅደላ በታች በአሮጌ በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ ወታደሮች የተኮሱት በዚሁ ጠመንጃ ነበር። አብረዋቸው የዘመቱት የፑንጃብ ወታደሮች ግን አሁንም በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ይዘው ነበር፤ ከ1857 በኋላ አዲስ መሣሪያ ለአገሬው ወታደር ቶሎ አይሰጥም ነበርና። አለመተማመኑ ከዐሥር ዓመት በኋላም በወታደሮቹ ትከሻ ላይ ይታይ ነበር።

መደምደሚያ

የሞራው ታሪክ የተቋጨ ጉዳይ አይደለም። ዛሬ መስጂድ የሚመጣ ምእመን ስለ መድኃኒት ሽፋን፣ ስለ ጄላቲን፣ ስለ ሳሙናና ስለ ታሸገ ምግብ ይጠይቃል። ጥያቄው በመሠረቱ የደምደሙ ወታደር ጥያቄ ነው፤ ይህ ነገር ከምን ተሠራ? የሠራውስ ሰው ይታመናል?

ኢማሙና መምህሩ በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮችን ለይተው ሊይዙ ይገባል። ሑክሙን ከኪታብ ያገኙታል። ዋቂዑን ግን ከሚያውቁት ሰዎች፣ ከአምራቹ፣ ከባለሙያውና ከመዝገቡ ነው የሚያገኙት። ዋቂዑን ሳያጣሩ ሑክም መስጠት ምእመኑን ወደ አላስፈላጊ ፍርሃት ወይም ወደ ሐራም ይመራዋል። ጠያቂውን አላዋቂ ብሎ ማሳፈርም የበርሃምፖርን አዛዥ ስሕተት መድገም ነው፤ የተዘለፈ ጠያቂ ጥርጣሬውን አይተውም፣ ይዞት ወደ ጎዳና ይወጣል። በአንጻሩ ጥያቄው በተነሣበት ዕለት በአክብሮት የተሰጠ ግልጽ መልስ፣ «ገና አላጣራሁም፣ አጣርቼ እነግራችኋለሁ» የሚል እንኳ ቢሆን፣ ከሦስት ወር በኋላ ከሚመጣ የተሟላ ማስረጃ ይበልጣል።

በሕዝብ ላይ ኃላፊነት ያለው ሰው ደግሞ ከ1853ቱ ደብዳቤ ይማር። ማስጠንቀቂያው በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው ሰው ተጽፎ ነበር። የቀረው አንብቦ ሰምና ዘይት ይሁን ብሎ ማዘዝ ብቻ ነበር። አላህ (ሱ.ወ) የተሸከምነውን አማና በጊዜው ከሚወጡት ያድርገን።